ጫፉ የተቆረጠ ፖስታ

መስከረም 28 ቀን

ጭራሮ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ድንቡሼም ደህና ናት፤ አባቷም እዚያው መንገድ ሥራው ካምፕ ነው፣ በየወሩ መጨረሻ ብቅ ይላል። ሰላምታዬን በዚህ ጨረስኩ። አሁን ልቆጣሽ ነው።

ሰው ፖስታ እንዲህ አድርጎ ያሽጋል? ደጄ ሲደርስ አንዱ ጫፉ የለም። ደሜ ቀጥ አለ! አንቺ ረስተሽው እንደሆነ እኔ አልረሳሁም። አባባ የእናቱን ሞት በደብዳቤ አንብቦ፣ ብቻውን፣ ዓይኑ እንባ እንደሞላ ሲነዳ ገደል ገብቶ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ በኛ ቤት ክፉ ወሬ በተራ ፖስታ አይላክም። ደብዳቤ ደስታ ይጫን፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። የግድ የሆነ ነገር ከመጣ የፖስታው ጫፍ በመቀስ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ደግሞ የቤት ሰው አጠገብሽ ሳይቀመጥ አትከፍቺም። የእማዬንስ እንዲያ አይደል የሰማነው፣ አንቺና እኔ አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈን?

ስለዚህ ፖስታሽን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ምግብ አልወርድ ብሎኝ የድንቡሼን አባት ጠበቅሁ። መጣ፣ ተቀመጠ፣ እጄን ያዘ፣ ከፈተው። ምን ይል መሰለሽ? «ቅባቱን ማታ ማታ ተቀቢው፣ ሽታው ጽጌረዳ ነው።» ባሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ፖስታ ቤት ነው የቀደደው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንቺን ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ጨርሼ ነበር። ሁለተኛ በደንብ አሽጊ።

ቅባቱ ራሱ ግን፣ እጅሽ ይባረክ! የእጄን ነገር ታውቂዋለሽ። በረኪናው፣ ሳሙናው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ሰነጣጥቆት የድንቢጥ እግር መስሎ ነበር። ጥልፍ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ እጅ አይፈልግም። አለቃችን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆምና የሐር ቁራጭ በመዳፋችን ላይ እየጎተተ ያሳልፋል። ሐሩ ከያዘ፣ «ዛሬ ወደ አንሶላው ክፍል» ይልሻል። አንሶላው ክፍል የገባች ደግሞ በሳምንቱ ተባርራ ቤቷ ነች። እኔንም እዚያ ሊወረውረኝ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው የአንቺ ብልቃጥ የደረሰው። ትናንት ሐሩ በመዳፌ ላይ እንደ ውሃ አለፈ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ንገሪኝ እንጂ፣ ከምንድነው የሚሠራው? ያንቺስ ሥራ እዚያ ቤት ምንድነው?

እታለምሽ


ጥቅምት 17 ቀን

እታለም፣

በሕይወት አለሁ፤ ለቅሶሽን መልሺልኝ። በሞቴ ይቅርታ! ይኼኛውን በሙጫ፣ በላዩ ደግሞ በሻማ አሽጌዋለሁ፤ ባልሽ ለመክፈት ቢላ ያስፈልገዋል። ሁለት ብልቃጥ ጨምሬልሻለሁ፣ እንዳይሰበር በካልሲ ጠቅልዬ። ካልሲው ንጹሕ ነው፣ አታሽትቺው።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ፣ ከፊት ለፊት መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ አለ፤ ሴቶች ገብተው እጃቸውን ትራስ ላይ ያስቀምጣሉ፣ የሱቁ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ትቀባቸዋለች። እኛ ከጀርባ ነን። መስኮት የሌለው ክፍል፣ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ ምድጃ። ሰም እናቀልጣለን፣ ዘይት እንጨምራለን፣ የጽጌረዳ ውሃ እንጨምራለን፣ እናማስላለን። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ራሷ ትመጣና «ዙሩ!» ትላለች። ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ቁልፉን እንሰማለን፤ የሆነ ነገር ድስቱ ውስጥ ጠብ ሲል እንሰማለን። «የሙያ ምስጢር ነው» ትላለች። አንድ ቀን በጎን ዓይኔ ላይ ፈልጌ ነበር፣ አንገቴ በጄ አላለኝም።

አብራኝ የምትሠራዋ እማማ ማማሰያ ናት። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ድስት ስታማስል ስለኖረች ማማሰያ እንላታለን። እጇን ብታዪው ጉድ ነው። እስከ ክርኗ ድረስ እንደ ወረቀት ነጭ፣ ከክርኗ በላይ ግን የተፈጥሮ መልኳ፤ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ትመስላለች። ጭንቅላቷ ደግሞ ዘወትር ይወዛወዛል። «ሻይ ልቅዳልሽ?» ስትያት ራሷ እምቢ ይላል፣ አፏ እሺ ይላል። እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። እርጅና ነው ትላለች ሴትዮዋ።

ድንቡሼን ጉንጯን ንከሺልኝ። እንዴት ናት? ጥርስ አወጣች?

ያንቺው ጭራሮ


ኅዳር 9 ቀን

ጭራሮ፣

ካልሲውን አሽትቼዋለሁ። ውሸታም!

ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። የትልቁን ቲያትር ቤት መጋረጃ ለኔ ሰጡኝ። ሙሉ ሐር፣ ቁመቱ ከክፍሉ ጣሪያ በልጦ ተጣጥፎ ነው የምንጠልፈው። አለቃው እጄን ለሌሎቹ ከፍ አድርጎ አሳየና «እጅ ማለት ይኼ ነው!» አለ። እኔ እቴ፣ እንደ ልጃገረድ አፈርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠዋ ሴት ምሳ ሰዓት ላይ «ምን ቀብተሽው ነው?» ብላ ልትሞት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። የሚበቃኝ ለራሴም የለኝ። ስለዚህ ሌላ ላኪ።

ድንቡሼ ምን እንደምትወድ ልንገርሽ? ሽታውን። ማታ ቀብቼው ስገባ ሁለት እጄን ይዛ ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ጣቴን ካልጠባች እንቅልፍ አይወስዳትም። «አክስትሽ ናት የላከችው» እላታለሁ፣ «አኪ፣ አኪ» ትላለች። ስምሽን ከአባቷ ስም በፊት ተማረች፤ ተቆጥቷል።

አሁን ደግሞ ጥያቄ። ጽሕፈትሽ ምን ሆነ? መምህራችን ደብተርሽን ለክፍሉ ያሳይልሽ የነበርሽ ልጅ፣ አሁን ፊደሎችሽ ሰካራም ሆነው አንዱ ባንዱ ላይ ወድቋል። ወይስ ጽሑፍሽን ለሌላ ሰው እየቆጠብሽው ነው? ወጣት ካለ ንገሪኝ፤ ለባሌ አልነግርም።

እታለምሽ


ኅዳር 30 ቀን

እታለም፣

ወጣት የለም። ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። ስጽፍ ይወዛወዛል።

እማማ ማማሰያ ግን አሁን የለችም፤ ልታርፍ ሄደች። ድስቱን የማማስለው እኔ ነኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ ሴትዮዋ ግን እጅሽ ጥሩ ነው ብላኛለች። ለእማማ ስታዝን ግን አላየኋትም። አይ ተዪው፣ ይኼንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ብልቃጥ ግን አልላክሁልሽም፤ አትቀየሚኝ። እኔ ልሙትልሽ፣ ቅባቱን ተዪው። ሲበዛ ቆዳ ያሳሳል ይላሉ። ለእጅሽ የሚበጀውን ልንገርሽ። ሙቅም ቀዝቃዛም ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። በፎጣ አታሺው፤ ነካ ነካ እያደረግሽ አድርቂው፣ በጣቶችሽ መሀል ያለውንም አትርሺ። ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ተራ ቫዝሊን ቀቢው፤ ከዚያ የጥጥ ጓንት አጥልቀሽ ተኚ። የጥጥ ጓንት ከሌለሽ የባልሽ ካልሲ ይበቃል። ልብስ ስታጥቢ ላስቲክ ጓንት አድርጊ፣ በረኪናውን በባዶ እጅ አትንኪው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ግን ይሠራል።

እስከዚያው ድረስ ደግሞ ድንቡሼን ከማቀፍሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጣትሽንም እንድትጠባ አትስጫት። ያላደገች ልጅ ሽቶ አይስማማትም ብዬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ። ስንገናኝ ይሻላል። የአባባ ሕግ አንዳንዴ ያንቃል አይደል?

ጭራሮ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ጭራሮ፣

ምነው ቀናሽ እንዴ? ምቀኛ አታሳጣኝ ስል እህቴን ማለቴ አልነበረም!

እየቀለድኩ ነው። ሞክሬዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ቫዝሊንሽን ቀብቼ፣ የባሌን ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ ተኛሁ፤ ድንቡሼ አይታኝ ፈርታ ጮኸች። በበነጋታው በር ላይ አለቃው ሐሩን ሲጎትት ያዘ። ከመሀል መዳፌ ላይ ፍንጥር ብላ አንዲት ክር ተንጠለጠለች። ሰውየው ክሯን በሁለት ጣቱ አንስቶ ስም ለምትመዘግበዋ ጸሐፊ አሳያት። ጭራሮ፣ መጋረጃው እኮ ገና ግማሽ ነው። ባሌ ከካምፕ የሚያመጣው ለቤት ኪራይ አይበቃም፤ ይኼን ሥራ ካጣሁ ድንቡሼን ይዤ የት እገባለሁ? በዚያው ቀን ማታ ወደ ብልቃጥሽ ተመለስኩ። ቆዳ ቢሳሳ ይሳሳ፤ የምሠራው በቆዳዬ ነው። አንዱ ብልቃጥ አልተነካም፣ አታስቢ።

ድንቡሼ ደህና ናት። ትንሽ ነጭናጫ ሆናለች፤ የሚያበቅለው ጥርስ ነው። መዳፏና ውስጥ እግሯ ጽጌረዳ መስሎ ቀልቷል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ እያለ ይላጣል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የቆዳ ድርቀት ነው፣ ቅባት አታጓድይባት አሉኝ። እኔም ታዲያ ቤት ካለው ምርጡን ነው የምቀባት፣ የአክስቷን። በቀን ሦስቴ እቀባታለሁ፤ ሲላጥ ደግሞ እጨምራለሁ። ላብ ይበዛባታል፣ መስኮት ስከፍት ፊቷን ትሸሽጋለች። አስቂኝ ናት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ እንደ ድመት። የቀረውን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

የእማማ ማማሰያን ወሬ ግማሽ ነግረሽ ተውሽው። ለመሆኑ የት ነው የምታርፈው?

እታለምሽ


ጥር 10 ቀን

እታለም፣

ቅባቱን ጣይው። ይኼን እንዳነበብሽ ተነሺና ጣይው። ድንቡሼ ከማትደርስበት ቦታ ቅበሪው፣ ብልቃጡንም አትያዢው። እጅሽን ታጠቢ፣ የእሷንም እጠቢ፣ አንሶላዋንም እጠቢ። ከዚያ ተቀምጠሽ የቀረውን አንብቢ።

እማማ ማማሰያ የምታርፈው መቃብር ውስጥ ነው። ኅዳር ላይ ነው የሞተችው። ያን ጊዜ አልነገርኩሽም፤ እርጅና ነው ብለውኝ ነበር፣ እኔም ሕጋችንን አክብሬ ዝም አልኩ። ግን እኔ ያረጀሁ አይደለሁም። ጠረጴዛው አራቱም እግሩ ደህና ነው፣ እታለም። የሚወዛወዘው እጄ ነው። ድዴ ይደማል፤ ጠዋት ስነሣ ፊቴ ያብጣል። ባለፈው ሳምንት ድስቱ አጠገብ ወደቅሁ፣ አከራዬ ናት ሆስፒታል ያደረሰችኝ።

ከመውደቄ በፊት ሴትዮዋ «ዙሩ!» ስትል አልዞርኩም። የምታንጠባጥበውን አየሁት። እንደ ብር ያበራል፣ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ምድጃው ላይ የፈሰሰው ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተንከባለለ። ለሐኪሙ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ባዜቃ ነው፣ ሜርኩሪ የሚሉት፤ መርዝ ነው። በቆዳ ይገባል አለኝ፣ በትንፋሽም ይገባል። «ቅባቱን የምትቀባ እናት ያቀፈችው ሕፃን ካለ ደግሞ» አለኝና በጣቱ ቆጠረልኝ፣ መዳፍና እግሩ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያልበዋል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያ ጡንቻው ይዝላል። ይኼን ሲለኝ ያንቺ ደብዳቤ ከትራሴ ሥር ነበር። እንደ ድመት ያልሽው። ጮኼ አልጋውን አናወጥኩት።

ወደ ጥልፍ ቤቱ ስልክ አስደወልኩ። አለቃሽ አነሣ። «ስለ ቅባቱ ለእህቴ» ስለው «በሥራ ሰዓት ሰው አይጠራም፣ ስለ ቅባት ደወለች እላታለሁ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደግሜ ደጋግሜ አስሞከርኩ፣ አያነሡም። ራሴ እንዳልመጣ እግሬ አይሸከመኝም። ቢሆንልኝ በዳዴም እመጣ ነበር።

እንደሷ ያለ ልጅ ይድናል ብሎኛል፣ ስሚኝ! ቶሎ ከቆመ ይድናል። ሆስፒታል ውሰጃት እንጂ ጤና ጣቢያ አይደለም፤ «ባዜቃ ያለበት ቅባት ተቀብታለች» በይ፣ በዚሁ ቃል። መድኃኒት አለው። መጋረጃው ገደል ይግባ፣ ሐሩም ይያዝ፣ አንሶላው ክፍል ግቢ፤ የቤት ኪራዩን ከተሻለኝ እኔ አለሁ።

ቀደም ብዬ ብነግርሽ ኖሮ። «ቆዳ ያሳሳል» አልኩሽ፤ ደስታሽን ላለማበላሸት እኮ ነው፣ የኔ እመቤት። አሁን የፖስታውን ጫፍ ቆርጬዋለሁ፣ እንደ ተራ ደብዳቤ ቁም ሳጥን ላይ እንዳትረሺው፣ ሮጠሽ እንድትከፍቺው ብዬ። አንቺ ግን ለዛሬ የአባባን ሕግ እርሺው። ማንንም አትጠብቂ። ብቻሽን ብትሆኚም፣ ቆመሽም ቢሆን ክፈቺው።

አድራሻውን የጻፈችልኝ አከራዬ ናት፤ የኔ እጅ ለፖስታ አልሆነም።

ጭራሮ


ጥር 26 ቀን

የኔ ጭራሮ፣

ፖስታሽ ደረሰኝ። ጫፉ ተቆርጧል። ፖስታ ቤት እንዳልቀደደው አይቻለሁ፤ በመቀስ ነው፣ ቀጥ ብሎ፣ አባባ እንዳስተማረን። አድራሻው ደግሞ ያንቺ ጽሕፈት አይደለም። ሌላ ሰው ነው የጻፈው።

አልከፈትኩትም። እንዴት ብዬ ልክፈተው? ከደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አቅፌው አለቀስኩ፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ጎረቤቴ «እኔ ልክፈትልሽ» አለችኝ፤ የቤት ሰው አይደለሽም ብዬ መለስኳት፣ ተቀየመችኝ። እስካልከፈትኩት ድረስ አንቺ ደህና ነሽ። ለዚህ ነው ደብዳቤ የምጽፍልሽ፤ ለደህና ሰው ነው የሚጻፈው። አንብበሽ በደህናው ጊዜ በሰካራሞቹ ፊደሎችሽ «ውሸታም፣ አለሁ» ብለሽ ትመልሺልኛለሽ።

አለቃው ደግሞ ስለ ቅባት ደውለሽ ነበር አለኝ። እንደዚያ ሆነሽ እንኳ ለኔ ቅባት ማሰብሽ! አንጀቴን በላሽው። ያንን የመጨረሻውን ብልቃጥ ከፍቼዋለሁ፣ አታስቢ።

ከአባባ ሕግ ውጭ የሆነ ነገር ልንገርሽ፤ ሆዴ አልችል አለ። ድንቡሼ ደህና አይደለችም። ድንቡሼ ብዬ ስጠራት ራሴ አፍራለሁ፣ ጉንጯ የለም። አንገቷን ማቆም ትታለች። ጣቴንም አትጠባም፣ አፏ ውስጥ ሳደርግላት ዝም ብላ ትይዘዋለች። ከትናንት ወዲያ ማልቀስ አቆመች፤ ጎረቤቴ ተሻላት አለች፣ እኔ ግን አላውቅም፣ ዝምታዋ ያስፈራኛል። እጇ ደግሞ ያሳዝነኛል፣ መላጡ አላቆም አለ። ምን ልሁን? አንቺን በቁም ሳጥን ላይ፣ እሷን በጉልበቴ ላይ ይዤ፣ ሁለቱን ባንድ ቀን መስማት አልችልም።

የድንቡሼ አባት ካምፑ ወደ ፊት ስለገፋ በዚህ ወር መጨረሻ አይመጣም ተባለ። በሚቀጥለው ይመጣል። ይሁን፣ እጠብቃለሁ። እሱ አጠገቤ ሲቀመጥ እከፍተዋለሁ፤ ምንም ይሁን ምን አብረን እንሰማዋለን።

አሁን መዳፏንና እግሯን ደህና አድርጌ ቀብቼ አስተኛኋት። ቤቱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። ካለሽ፣ ሲሻልሽ፣ አንድ ብልቃጥ ላኪልኝ።

እታለምሽ